ከታንከሩ በፊት፦ ጄሰንን ታይፕ ባለው ቋንቋ ማንበብና መጻፍ

ሱሉልታ ውስጥ፣ ከጎጃም መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ አንድ የወተት መሰብሰቢያ አለ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰው ይሰለፋል። አንዱ በጄሪካን ይዞ ይመጣል፣ አንዷ ክዳን ባለው ባልዲ፣ ሌላው አህያ ላይ ጭኖ። ተቀባዩ ወተቱን ዝም ብሎ አይገለብጠውም። መጀመሪያ ላክቶሜትሩን ይነክራል። ውሃ የገባበት ወተት ከሆነ ላክቶሜትሩ ጠለቅ ብሎ ይገባል። ቀጥሎ ትንሽ ወተት ከአልኮል ጋር ቀላቅሎ ያያል፤ ከረጋ ወተቱ ወደ መበላሸቱ ነው። ሁለቱን ፈተና ያለፈው ብቻ ይለካል፣ ይመዘገባል፣ ታንከር ውስጥ ይገባል።

አንዴ ታንከር ውስጥ ከገባ የማን ወተት እንደነበር ማንም አይለየውም። የተበላሸ ሊትር ካለበት ሁሉም ተበላሸ።

ለዚያ መሰብሰቢያ የመመዝገቢያ አፕ የሠራሁት እኔ ነኝ። ስልኩ ላይ ያለው ኮትሊን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ሰርቨሩ (ከስልኮቹ ዳታውን የሚቀበለው ኮምፒውተር) ደግሞ ጎ በሚባለው ነው የተጻፈው። ሁለቱ የሚነጋገሩት በጄሰን ነው። ወተቱ በር ላይ በጥንቃቄ ይፈተሽ ነበር። ዳታው ግን አይፈተሽም ነበር። አንድ ቀን ዋጋ አስከፈለን። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

ጄሰን ዳታን በጽሑፍ የማስፈሪያ ስምምነት ነው። ስልኩ ውስጥ ያለው መረጃ የተቀመጠው በፕሮግራሙ ሜሞሪ ላይ ነው። ያን እንዳለ አንስቶ ወደ ሌላ ማሽን መላክ አይቻልም። ስለዚህ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል። ይህን ሲሪያላይዝ ማድረግ እንለዋለን። ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ጽሑፉ ይነበብና ተመልሶ ፕሮግራሙ የሚሠራበት ነገር ይሆናል። ይህኛው ፓርስ ማድረግ ነው። የእኛ አንድ ርክክብ ይህን ይመስላል፦

{
  "መለያ": "0042",
  "ሊትር": 12.5,
  "ቀን": "2017-06-25"
}

ቁልፎቹን በአማርኛ መጻፌ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል ነው፤ ሥራ ላይ አብዛኞቻችን በላቲን ፊደል እንጽፋቸዋለን። ጄሰን ግን አማርኛን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል። ከላይ ያለው ትክክለኛ ጄሰን ነው፤ ቀድታችሁ ብትሞክሩት ይሠራል። ከጥቅስ ውጭ ግን ሥርዓተ ነጥባችንን አይቀበልም። ጥቅሱ የግድ ቀጥ ያለው ድርብ ጥቅስ መሆን አለበት። «እንዲህ ያለው» አይሆንም። በኮማ (,) ቦታ የእኛን ፣ ብትጽፉ፣ ቁጥሩን በ፲፪ ብታሰፍሩ፣ ፓርሰሩ እዚያው ቆሞ ኤረር ይሰጣል። መጨረሻው ፊልድ (አንድ ቁልፍ ከነዋጋው) ላይ ትርፍ ኮማ ብትተዉም እንዲሁ።

ጄሰን የተገኘው ጃቫስክሪፕት ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ዳግላስ ክሮክፎርድ የሚባል ፕሮግራመር በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ስም ሰጥቶ አስተዋወቀው። እሱ ራሱ ፈጠርኩት አይልም፤ ቋንቋው ውስጥ የነበረ ነገር ነው ያገኘሁት ይላል። ዛሬ የምንመራበት ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ደንቡ አጭር ነው። የዳታ ዓይነቶቹም ጥቂት ናቸው፦ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ዝርዝር፣ ቁልፍና ዋጋ የያዘ ኦብጀክት፣ በመጨረሻም «ምንም» የሚለው ነል። ቀን የለም። ብር የለም። «ሙሉ ቁጥር» እና «ነጥብ ያለው ቁጥር» የሚል ልዩነት እንኳ የለም።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጃቫስክሪፕት ውስጥ አንድ ተለዋዋጭ አሁን ቁጥር፣ ኋላ ጽሑፍ ቢይዝ ማንም አይናገረውም። ጎ፣ ጃቫ፣ ኮትሊን፣ ሲ ሻርፕ፣ ረስት ግን እንዲህ አይደሉም። እነዚህ ቋንቋዎች ፕሮግራሙ ገና ሳይነሳ እያንዳንዱ ነገር ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ታይፑ አስቀድሞ ይነገራል፤ ኮምፓይለሩ (የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚሠራበት የሚለውጠው ፕሮግራም) ያን ይዞ ኮዱን በሙሉ ይፈትሻል። ሊትርን በስም ልታባዙ ብትሞክሩ ኮዱ ገና ሳይሠራ ይከለክላችኋል። እኔ እነዚህን ቋንቋዎች የምወዳቸው ለዚህ ነው።

ይሁንና ኮምፓይለሩ ማየት የሚችለው ኮዳችሁን ብቻ ነው። ነገ ጠዋት ከሱሉልታ የሚላከውን ጽሑፍ ዛሬ ሊያየው አይችልም። ታይፕ የሚጠብቀው ግቢው ውስጥ ያለውን ነው። ጄሰን የሚመጣው ከውጭ ነው። ስለዚህ ፓርስ የምታደርጉበት መስመር የግቢው በር ነው። እዚያ ላይ ያላያችሁትን ኮምፓይለሩ ቆይቶ አያይላችሁም። እንዲያውም አምኖ ያሳልፈዋል።

በዚህ በር ለመግባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ጄሰኑን እንደመጣ ጠቅላላ ዛፍ አድርጎ መያዝ ነው። ጎ ላይ ሁሉን የሚቀበል ማፕ (ቁልፍን ከዋጋው ጋር የሚይዝ) ይሆናል፣ በጃቫው የጃክሰን ላይብረሪ (ላይብረሪ ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ ነው) ጄሰን ኖድ ይባላል፣ በረስት ደግሞ ቫልዩ። ምንም ቢመጣ ይገባል። ከዚያ በኋላ ግን ሊትሩን በፈለጋችሁ ቁጥር «አለ ወይ? ቁጥር ነው ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ። አሥር ቦታ ላይ ከተጠቀማችሁበት አሥር ጊዜ። አንዱን ከረሳችሁ ፕሮግራሙ እዚያ ጋ ይወድቃል። ሁለተኛው መንገድ ቅርጹን አስቀድሞ መናገር ነው። ርክክብ የሚባል ታይፕ አለ፤ መለያ አለው፣ ጽሑፍ ነው፤ ሊትር አለው፣ ቁጥር ነው። ላይብረሪው ጄሰኑን እያነበበ በየፊልዱ ይሞላል። ካልገጠመ ብዙውን ጊዜ ኤረር።

የሚመጣውን ቅርጽ በእርግጥ የማታውቁት ከሆነ የመጀመሪያው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሥራ አለ። በእኔ ልምድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቅርጹን እያወቅን ነው ለመጻፍ የምንሰንፈው። ሁለተኛውን ምረጡ።

ታይፕስክሪፕት (ታይፕ የተጨመረበት ጃቫስክሪፕት) የምትጽፉ ልጆች እዚህ ላይ ልብ በሉ። ጄሰኑን ፓርስ አድርጋችሁ «ይህ ርክክብ ነው» ብላችሁ ታይፕ ብትለጥፉበት ምንም አልተፈተሸም። ኮምፓይለሩን «እመነኝ» ነው ያላችሁት። ታይፕስክሪፕት ወደ ጃቫስክሪፕት ሲለወጥ ታይፖቹ ይጠፋሉ፤ ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚፈትሽ ዘበኛ የለም። ፍተሻውን ራሳችሁ መጻፍ ወይም ለዚህ የተሠራ ላይብረሪ መጠቀም አለባችሁ።

አሁን ወደዚያ ቀን ልምጣ።

መሰብሰቢያው በየ15 ቀኑ ነው የሚከፍለው። አንድ የክፍያ ቀን አንድ እናት ካርዳቸውን ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ በስማቸው ፊት ለፊት 0 ሊትር ይላል። «ልጄ፣ እኔ ወተት አላመጣሁም እንዴ?» አሉ። ሁላችንም በየቀኑ እንደሚያመጡ እናውቃለን። ከኋላቸው የተሰለፉት ሌሎችም ዜሮ ነበሩ። ተቀባዩ ከአፑ ጎን ለጎን ደብተር ይይዝ ስለነበር በዚያ ቀን ክፍያው በደብተሩ ተስተካከለ። ደብተሩ ባይኖር ምን እንደማደርግ አላውቅም።

የሆነው ይህ ነው። አፑን አሻሽዬ ነበር። ስልኩ ላይ «ሊትር» የሚለውን ቁልፍ «መጠን» ብዬ ቀየርኩት። አዲሱ አፕ የተጫነው አንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው። በዚያ ስልክ የተመዘገበው ሁሉ ወደ ሰርቨሩ የሄደው «መጠን» እየተባለ ነው። ሰርቨሩ የሚፈልገው «ሊትር»ን ነው። አላገኘውም። ኤረር ግን አልሰጠም።

ለምን አልሰጠም? በጎ ቋንቋ ያልተሞላ ፊልድ የለም። ቁጥር ከሆነ 0 ይሆናል፣ ጽሑፍ ከሆነ ባዶ ጽሑፍ፣ እውነትና ሐሰት ከሆነ ሐሰት። የጎ መደበኛ የጄሰን ላይብረሪ ቁልፉን ካላገኘ ፊልዱን እንዳለ ይተወዋል። እንዳለ ማለት 0 ማለት ነው። የማያውቀውን «መጠን» የሚለውን ቁልፍ ደግሞ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ልማዶች ለየብቻቸው ምክንያት አላቸው። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የአንድ ቤተሰብ የ15 ቀን ድካም ምንም ድምፅ ሳያሰማ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ስለዜሮ ብዙ አሰብኩ። ሦስት ነገሮች አሉ፤ አንድ አይደሉም። ቁልፉ ጭራሽ የለም። ቁልፉ አለ፣ ዋጋው ነል ነው። ቁልፉ አለ፣ ዋጋው 0 ነው። በመሰብሰቢያው ቋንቋ እንዲህ ይሆናል፦ የመጀመሪያው መዝገቡ ጎደሎ ነው፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ሁለተኛው ሰውዬው መጥቷል፣ ገና አልተለካለትም። ሦስተኛው ወተቱ ተለክቶ ሳይሆን ተፈትኖ ወድቋል፣ የተቀበልነው ዜሮ ሊትር ነው። ለተራ ቁጥር ታይፕ ሦስቱም 0 ናቸው። ጎ ውስጥ ነል ቢመጣ እንኳ ቁጥሩ 0 ሆኖ ይቀራል፤ ኤረር የለም። ጃክሰን 2ም ለጃቫ ተራ ቁጥሮች ካልነገራችሁት በቀር እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ቋንቋዎቹ እዚህ ላይ ይለያያሉ። ረስት ውስጥ ሰርዴ የሚባለው ላይብረሪ የጎደለ ፊልድ ሲያገኝ ኤረር ይሰጣል። ሊጎድል የሚችል ከሆነ ግን ታይፑን ኦፕሽን ብላችሁ ትጽፉታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ኮምፓይለሩ «ባይኖርስ?» ለሚለው መልስ ሳትሰጡ አያሳልፋችሁም። የኮትሊን የራሱ የሲሪያላይዜሽን ላይብረሪም ነባሪ ዋጋ ያልሰጣችሁት ፊልድ ሲጎድል ይጮኻል። በኮትሊን ጂሰን (Gson) የሚባለውን ላይብረሪ የምትጠቀሙ ግን ተጠንቀቁ፤ ስሙ ከጄሰን ጋር አያምታታችሁ። ጂሰን የተሠራው ለጃቫ ነው፤ የኮትሊንን ነል የመከላከል ሕግ አያውቅም። ነል አይሆንም ብላችሁ የጻፋችሁት ፊልድ ውስጥ ነል አስገብቶ ያልፋል። ፕሮግራሙ የሚወድቀው ቆይቶ ሌላ ቦታ ነው። እዚያ ስትፈልጉት ምክንያቱን አታገኙትም።

ጎ ላይ መፍትሔው ፖይንተር ነው፤ ዋጋውን ራሱን ሳይሆን ዋጋው ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ማለት ነው። ሊትርን ተራ ቁጥር ከማድረግ የቁጥር ፖይንተር ታደርጉታላችሁ። ቁልፉ ካልመጣ ፖይንተሩ ባዶ ይሆናል፤ 0 ከመጣ 0ን ያመለክታል። ሁለቱን መለየት ተቻለ። (ያልመጣውን ቁልፍ ነል ሆኖ ከመጣው መለየት ከፈለጋችሁ ለብቻው ታይፕ መሥራት ያስፈልጋል። ለእኛ ሁለቱን መለየት በቂ ነበር።)

ነገር ግን በየቦታው ፖይንተር ይዞ መዞር አድካሚ ነው፤ አደገኛም ነው። ስለዚህ አሁን ሁለት ታይፕ ነው ያለኝ። አንደኛውን የመንገድ ታይፕ እለዋለሁ። ሁሉም ፊልዱ ፖይንተር ነው፣ የመጣውን ሁሉ እንዳመጣጡ ይይዛል፣ ማንንም አያምንም። ሁለተኛው የቤት ታይፕ ነው። ፖይንተር የለውም፣ ክፍተት የለውም። በመካከላቸው አንድ ፈንክሽን አለ። መለያ አለ? ሊትር አለ? ሊትሩ ከዜሮ በታች አይደለም? ቀኑ ይነበባል? ሁሉንም ያለፈ የቤት ታይፕ ይሆናል። ያላለፈ ከነምክንያቱ ይመለሳል። የቀረው ኮዴ በሙሉ የሚቀበለው የቤት ታይፑን ብቻ ነው። ክፍያ የሚያሰላው ፈንክሽን «ሊትሩ ባይኖርስ» ብሎ አይጠይቅም፤ የሌለው ሊትር እዚያ ሊደርስ አይችልም። ላክቶሜትሩን የምትነክሩት በር ላይ ነው፤ ታንከሩ ውስጥ አይደለም።

አንዳንዱ ፕሮግራመር አንድ ታይፕ ሁለት ጊዜ መጻፍ ትርፍ ሥራ ይመስለዋል። ለትንሽ መሞከሪያ እውነቱን ነው። ገንዘብ የሚያሰላ ነገር ከሆነ ግን ያቺ አንድ ገጽ ኮድ ታዋጣለች።

የቁጥር ነገር ለብቻው ይወራ። መለያውን "0042" ብዬ በጥቅስ ውስጥ የጻፍኩት በምክንያት ነው። ጄሰን በዜሮ የሚጀምር ብዙ አኃዝ ያለው ሙሉ ቁጥር አይቀበልም። ያለ ጥቅስ 0042 ብትጽፉ ስህተት ነው። ዜሮዎቹን አውጥታችሁ 42 ብትሉት ደግሞ ካርዱ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የሞባይል ቁጥርም እንዲሁ፤ በ09 ወይም በ07 ስለሚጀምር ጽሑፍ ነው። እኔ የምከተለው ቀላል መለኪያ አለ፦ የማትደምሩትና የማታባዙት ከሆነ ቁጥር አይደለም።

ሌላው ትልልቅ ቁጥር ነው። ጃቫስክሪፕት ከጄሰን የሚያነበውን ቁጥር ሁሉ የሚይዘው በ64 ቢት የነጥብ ቁጥር ነው። ከ9,007,199,254,740,992 በላይ ሲሆን ጎረቤት ቁጥሮችን መለየት ያቅተዋል። መጨረሻው ላይ 3 የነበረው ወደ 2 ይቀየራል። ትዊተር የመልእክት መለያ ቁጥሮቹ ከዚህ ሊያልፉ ሲሉ መለያውን በቁጥርም በጽሑፍም አድርጎ መላክ የጀመረው ለዚህ ነው። እኛ ጎ ነው የምንጽፈው ብላችሁ አትዘናጉ። ፊልዱን የ64 ቢት ሙሉ ቁጥር ብላችሁ ከጻፋችሁ በትክክል ይነበባል። ወደ ጠቅላላው ማፕ ካስገባችሁት ግን ጎም ቁጥሩን ሁሉ የነጥብ ቁጥር ያደርገዋል፤ ያው ችግር ይመጣል።

ብርን በተመለከተ አጭር ልበል። የነጥብ ቁጥር ውስጥ 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይመጣል። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በሁለት መሠረት ስለሆነ 0.1ን በልኩ ሊጽፈው አይችልም። አንድ ሊትር 70 ብር ከ35 ሳንቲም ከሆነ 7035 ብላችሁ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ላኩት። ፊልዱንም «ዋጋ በሳንቲም» በሉት። ማጠጋጋት ካለ ኮዱ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ወደ ቀን። እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ችግር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳው። ጄሰን የቀን ታይፕ የለውም ብያለሁ። አብዛኛው ሰው ቀንን በጽሑፍ ነው የሚልከው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሰረዝ እየተለየ። ላይብረሪዎቹ ይህን ያውቁታል፤ ወደ ቀን ታይፕ ይለውጡታል። የሚያውቁት ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ነው።

ከላይ ያለውን ምሳሌ እዩት፤ "2017-06-25" ይላል። ተቀባዩ የጻፈው የካቲት 25 ቀን 2017 ለማለት ነው። በፈረንጁ ማርች 4 ቀን 2025 መሆኑ ነው። ላይብረሪው ግን ጁን 25 ቀን 2017 ብሎ ያነበዋል። ቅርጹ ትክክል ነው፣ ታይፑ ትክክል ነው፣ ኤረር የለም። ቀኑ ግን በሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደ ኋላ ሄዷል። የጳጉሜን ቀን ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ "2017-13-03" ሲመጣ ላይብረሪው 13ኛ ወር አላውቅም ብሎ ይመልሰዋል። ጥቅምት 30ም እንዲሁ፤ "2017-02-30" ፌብሩዋሪ 30 ስለሆነ አይቀበለውም። ስህተቱ የሚገለጠው በጥቂት ቀኖች ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ሁሉ በሰላም ያልፋል፤ የሚያስፈራው ይኸው ነው።

ሰዓትም አለ። እኛ ጠዋት 1 ሰዓት የምንለው በሌላው አቆጣጠር 7 ሰዓት ነው። "01:10" ተብሎ ከመጣ ማሽኑ እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው የሚለው። በዚያ ሰዓት ላም የሚያልብ የለም፤ ማሽኑ ግን ይህን አያውቅም።

እኔ ያደረግሁት ይህ ነው። ስክሪኑ ላይ ተቀባዩ የሚያየውና የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ይህን አልነካም፤ ሰው የሚያስበው በዚያ ነው። ስልኩ ውስጥ የኢትዮጵያ ቀን የሚባል የራሱ ታይፕ አለ፤ ከመደበኛው የቀን ታይፕ ጋር ኮምፓይለሩ አያቀላቅለውም። ሲሪያላይዝ ሲደረግ በአንድ ቦታ ብቻ ወደ ፈረንጁ ይለወጣል፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ካለን የ3 ሰዓት ልዩነት ጋር፣ +03:00 ተብሎ ማለት ነው፣ ይጻፋል። ጎ፣ ረስትና ኮትሊን ሁሉም «ይህን ታይፕ ከጄሰን ስታነብና ስትጽፍ የእኔን ፈንክሽን ተጠቀም» ማለት ያስችላሉ። ይህን መብት ተጠቀሙበት። ታይፕ ማለት ቁጥርና ጽሑፍን መለየት ብቻ አይደለም፤ ሁለት የተለያዩ ትርጉሞች በአንድ ልብስ እንዳይመጡ ማድረግም ነው።

መጻፉ፣ ማለትም ሲሪያላይዝ ማድረጉ፣ ከማንበቡ ይቀላል። ታይፑ በእጃችሁ ነው። ቢሆንም ሦስት ነገር አጋጥሞኛል።

የመጀመሪያው አማርኛን የሚመለከት ነው። ጎ ውስጥ አንድ ፊልድ ለውጭ ላይብረሪ የሚታየው ስሙ በትልቅ ፊደል ሲጀምር ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ ፊልዱን «ሊትር» ብላችሁ ብትሰይሙት ጎ እንደ ድብቅ ያየዋል። ኮዱ ያለ ችግር ይሠራል፤ የሚወጣው ጄሰን ግን ባዶ ቅንፍ ነው። ስታነቡም አይሞላም። መፍትሔው የፊልዱን ስም በላቲን ትልቅ ፊደል መጀመርና አማርኛውን ቁልፍ በታግ (ከፊልዱ ጎን በሚጻፍ ማስታወሻ) መንገር ነው። ቁልፍን በአማርኛ ማድረግ የምትፈልጉ ሌላም ነገር አስቡ። ፀሐይና ጸሃይ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለማሽኑ ሁለት የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። አንዱ ፕሮግራመር በሠ፣ ሌላው በሰ ከጻፈ ያው «ሊትር»ና «መጠን» ተደገመ ማለት ነው።

ሁለተኛው ዜሮን የመጣል ልማድ ነው። ጎ ላይ ባዶ ፊልድን አትጻፍ የሚል ታግ አለ፤ ጄሰኑን ያሳጥራል። ችግሩ 0ንም ባዶ ነው ብሎ ይጥለዋል። በጾም ወራት ወተት ፈላጊ ስለሚቀንስ ሰብሳቢው አንዳንድ ቀን አይቀበልም፤ 0 ተብሎ ይመዘገባል። ያ 0 መረጃ ነው። አርሶ አደሩ መጥቶ እንደተመለሰ የሚመሰክር ነው። ታጉን ከዚያ ፊልድ ላይ አነሳሁት። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ፦ ጎ ያልተፈጠረ ዝርዝርን የሚጽፈው ባዶ ዝርዝር አድርጎ ሳይሆን ነል ብሎ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ኮትሊን ዝርዝር ጠብቆ ነል ሲመጣለት ይወድቃል። ባዶ ዝርዝር ፈጥራችሁ ላኩ።

ሦስተኛው ፊደሉ ራሱ ነው። ሲ ሻርፕ ላይ ያለው መደበኛ ላይብረሪ ካልነገራችሁት በቀር አማርኛውን በኮድ ቁጥር ነው የሚጽፈው። ዳታው አይበላሽም፤ ተቀባዩ ሲያነበው ተመልሶ አማርኛ ይሆናል። ግን አንድ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (በተለመደው የጽሑፍ አቀማመጥ) 3 ባይት ሲወስድ በዚያ አጻጻፍ 6 ባይት ይፈጃል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበትና ዳታ በብር በሚገዛበት ቦታ እጥፍ ማለት እጥፍ ነው። ሎጉን በዓይን ማንበብም አይቻልም። ቅንብሩን ለውጡት።

የቀረው የአሮጌና የአዲስ ነገር ነው። እንደ ሱሉልታ ያለ ቦታ ሁሉም ስልክ በአንድ ቀን አይታደስም። አንዱ ስልክ ኔትወርክ ሲያጣ መዝገቡን በጄሰን ፋይል አስቀምጦ ከሦስት ቀን በኋላ ይልከዋል። በመካከሉ እኔ ሰርቨሩን ቀይሬው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሰርቨሩ የትናንቱንም የዛሬውንም ጄሰን ማወቅ አለበት።

ላይብረሪዎቹ ለማያውቁት ቁልፍ ያላቸው ጠባይ ይለያያል። ጎና ሰርዴ ያልፉታል። ጃክሰን 2 እና የኮትሊኑ ላይብረሪ ካልነገራችኋቸው እምቢ ይላሉ። የትኛው ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ለእኔ ዓይነቱ ሥራ የማላውቀው ትርፍ ቁልፍ ይለፍ፤ የግድ የሚያስፈልገኝ ከጎደለ ግን ምንም ምሕረት የለም። አዲስ ቁልፍ መጨመር እችላለሁ። የነበረውን ስም መቀየር ግን ከእንግዲህ አልችልም። «ሊትር» ተብሎ ከተጀመረ «ሊትር» ሆኖ ይኖራል። የግድ መቀየር ካለበት ሰርቨሩ ሁለቱንም እያነበበ ይቆያል፣ የመጨረሻው አሮጌ ስልክ እስኪታደስ።

ለዚህ የሚረዳኝ አንድ ፎልደር አለ። እስካሁን ካወጣኋቸው የአፑ ቨርዥኖች ሁሉ አንድ አንድ ጄሰን አስቀምጫለሁ። ኮድ በቀየርኩ ቁጥር ቴስቱ ሁሉንም ያነባቸዋል፣ ወደ ቤት ታይፕ ይለውጣቸዋል፣ መልሶ ይጽፋቸዋል፣ እንደገና አንብቦ ያወዳድራል። ከነሱ መካከል ያ «መጠን» የሚለው አለ። የእኚያን እናት መለያ የያዘ አይደለም፤ ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ።

አሁን በሩን ያላለፈ መዝገብ አይጣልም። ለብቻው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ ጽሑፉ ሳይነካ ይቀመጣል። ስልኩ ደግሞ የሚመለስለት «ኤረር 400» አይደለም። ተቀባዩ በአማርኛ ያየዋል፦ «መለያ 0042፣ የዛሬ ጠዋት፣ ሊትር አልተጻፈም።» ሴትየዋ ገና ሰልፉ ላይ እያሉ ያያል፤ ባልዲያቸው ባዶ ሳይሆን ይጠይቃቸዋል።